ከፈርዖን ሠራዊት የተመለሰው አማካሪ

አሜሪካዊው ደራሲ ቶባያስ ዎልፍ ስለ ቬትናም ዘመቻው የጻፈውን ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲያሳትም «በፈርዖን ሠራዊት ውስጥ» የሚል ስም ሰጥቶታል። የኦሪት ዘጸአትን ታሪክ እየሰማ ላደገ አንባቢ ርእሱ ማብራሪያ አያሻውም። ደራሲው ራሱን የቈጠረው ባሕር ተከፍሎላቸው ከተሻገሩት ጋር ሳይሆን ሲያሳድዱ ከሰጠሙት ጋር ነው። ተርጓሚን የሚያስቸግረው ንኡስ ርእሱ ነው። «የጠፋው ጦርነት ትዝታዎች» ቢባል ሽንፈቱ ይቀራል፤ «የተሸነፍንበት ጦርነት» ቢባል ደግሞ መጥፋቱ፣ ከእጅ ወጥቶ መቅረቱ ይቀራል። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ይዟል። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ መጥፋቱን መጽሐፉ ራሱ ይናገረዋልና።

ዎልፍ ቬትናምኛ አንድ ዓመት ያህል ከተማረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1967 የሜኮንግ ወንዝ ወደ ባሕር በሚፈስበት ረግረጋማ አገር፣ በሚቶ ከተማ አጠገብ ለሠፈረ የደቡብ ቬትናም መድፈኛ ሻለቃ አማካሪ ሆኖ ተመደበ። አማካሪ በእኛ ቋንቋ ሰው ሲቸግረው ሄዶ ምክር የሚጠይቀው ነው። ይህን ወጣት መኮንን ግን ምክር የሚጠይቀው እምብዛም የለም። (በደርግ ዘመን የሶቪየት አማካሪዎችን ያየ አንባቢ ቃሉ ምን ያህል እንደሚለጠጥ አይጠፋውም።)

መጽሐፉ ሲከፈት ገበሬዎች መንገድ ዘግተው ቆመዋል። እሱ ካሚዮኑን አያቆምም፤ መንገድ ላይ የወደቁትን ብስክሌቶች ጨፍልቆ ያልፋል። በዚያው ምዕራፍ ለበዓል ቀን የሚሆን ባለቀለም ቴሌቪዥን በለውጥ ለማግኘት ሲባዝን እናየዋለን። እ.ኤ.አ. በ1968 መጀመሪያ፣ በቬትናሞች የዘመን መለወጫ ሰሞን፣ ሽምቅ ተዋጊዎች ሚቶ ሲገቡ መድፎቹ በከተማዪቱ ላይ ይዘንባሉ። ዎልፍ የሚሰጠው ፍርድ መራራ ነው። ተዋጊዎቹ የመጡት ከተማዪቱን ይዘው ለመቆየት ሳይሆን፣ ጠባቂ ነን የሚሉት ሰዎች ነፍሳቸውን ለማዳን ሲሉ ሕዝቡን እንደሚገድሉት ለማሳየት ነው ይላል።

እኔን የዘገነነኝ ግን ውጊያ የሌለበት ገጽ ነው። ሊተካው የመጣው ሻምበል፣ ትልቅ ሄሊኮፕተር በደሳሳ ጎጆዎች አጠገብ ወርዶ መድፍ እንዲያነሣ ያዛል። ዎልፍ የክንፎቹ ነፋስ ጎጆዎቹን እንደሚያፈርሳቸው እያወቀ ዝም ይላል፤ ሰውየውን አልወደደውምና። ጎጆዎቹም ይፈርሳሉ። አማካሪው መምከር በነበረበት በዚያች ሰዓት አልመከረም። ደራሲው ሰበብ አይፈልግም፤ የመጽሐፉም ጥንካሬ ከዚህ ይመነጫል።

ከጦሩ ከተሰናበተ በኋላ ያለው ክፍል የተቻኮለ ይመስላል። በሳንፍራንሲስኮ የመንከራተቱ ነገር ከሌሎች ተመላሾች ታሪክ ብዙም አይለይም። አንድ ቦታ ግን ልብ ያስቆማል። ኦክስፎርድ ገብቶ ሲማር፣ በጥንታዊ እንግሊዝኛ የተጻፈውን ወንጌል ለትምህርቱ እየተረጎመ፣ ቤቱን በዓለት ላይ ስለ ሠራው ልባም ሰው ከሚናገረው ምሳሌ ሲደርስ ውስጡ ይናወጣል። ጎጆዎቹን እዚህ ላይ አያነሣቸውም። ነፋስ ስለ መታው ቤት የሚያነብ ሰው ግን እነርሱን ሳያስታውስ የሚያልፍ አይመስለኝም።

ቅሬታዬ አንድ ነው። ቋንቋቸውን ዓመት ሙሉ የተማረ ሰው በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የመንደርተኞቹ ድምፅ እጅግ ያነሰ ነው። መዝጊያውን ምዕራፍ በጦርነቱ ለሞተ አሜሪካዊ ጓደኛው አውሎታል፤ ጓደኛው ሊያይ የሚገባውን፣ ያላየውን ሕይወት እያሰበ ያለቅስለታል፤ ይገባዋልም። ለሚቶ ገበሬዎች ግን እንዲህ ያለ ገጽ አልተረፋቸውም።