የጉና የበጋ እንግዳ

እስቴን፣ ፋርጣንና ላይ ጋይንትን የሚያዋስነው ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ጓሳው ላይ የምፈልገው አንድ እንግዳ አለ፤ በሳይንስ ስሙ ሰርከስ ማክሮረስ የሚባል ነጣ ያለ ጭልፊት። የሚራባው በሩሲያና በካዛኪስታን ሜዳዎች ነው። እዚያ በረዶ ሳይወርድ ተነስቶ፣ እኛ ዘንድ ዝናቡ ሲያባራ ይደርሳል። እንደ መስቀል ወፍ ብቅ ብሎ የሚጠፋ አይደለም፤ እስከ መጋቢት ይሰነብታል። ቢሆንም ብዙ አይገኝም፤ በዓለምም ቁጥሩ እየቀነሰ ነው።

ወፍ መመልከት የጀመረ ሰው ዓይኑ ወደ ቀለም ይሮጣል። ጉና ላይ ግን ጠዋት ጭጋጉ፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ቀለምን ያሳስታሉ። መጀመሪያ አበራረሩን እዩ። ይህ ወፍ ሲያድን ጓሳውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ ይላል። ክንፎቹን ወደ ላይ ቀሰር አድርጎ ይንሳፈፋል፤ ሁለት ሦስቴ ይመታቸዋል፤ ደግሞ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ ድንገት ተጣጥፎ ሣሩ ውስጥ ይወርዳል። አይጥ፣ ትንሽ ወፍ ወይም አንበጣ አይቶ ነው። ደግሞ እረኞቹን ጠይቁ፤ የትኛው ሜዳ ላይ እንደሚመላለስ ከማንም ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ወንዱ ጀርባው ፈዛዛ ግራጫ፣ ሆዱ ነጭ ነው፤ ክንፉ ጫፍ ላይ ጠባብና የሾለ ጥቁር አለው። በዚያው ወራት የሚመጣው የቅርብ ዘመዱ ግን የክንፉ ጫፍ በሰፊው የጠቆረ ነው፤ መሐል ክንፉ ላይም ጥቁር መስመር ተጋድሞበታል። ጭንቁ ሴቶቹና ወጣቶቹ ላይ ነው። የሁለቱም ዘር ሴትና ወጣት ቡናማ ነው፤ የሁለቱም ጭራ ሥር ነጭ አለው። የሚለዩት አንገታቸውና ፊታቸው ላይ ስለሆነ፣ እሱ ጥርት ብሎ ካልታየኝ «ቡናማ ጭልፊት» ብዬ ጽፌ አልፋለሁ። ያላዩትን ምልክት እንዳዩ አድርጎ መመዝገብ ማስታወሻውን በሙሉ ዋጋ ያሳጣዋል።

ይህ ጭልፊት የሚያድረው ዛፍ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ፣ ረጅም ሣር መካከል ነው። ጓሳው በግጦሽ ከተላጨ ማደሪያ የለውም። ያው ጓሳ ደግሞ ከጉና ለሚነሱት ለርብና ለጉማራ ወንዞች ውሃ ያቆያል። ስለዚህ በጉና ዙሪያ ያላችሁ ሁሉ፣ ጓሳውን በተራ አስግጡት፤ አይጥ ለማጥፋትም ሜዳው ላይ መርዝ አትበትኑ። ጭልፊቱን ካያችሁ ቀኑን፣ ቦታውንና የክንፉን ጫፍ ጻፉ።