የተሳለ ልጅ፦ ሕፃንነትና ጐልማሳነት በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ ብዙ ተጽፎበታል። በአብዛኛው ሂስ ልቦለዱ የሚታየው የባላባቱ ሥርዓት ያደረሰውን በደል የሚያሳይ መስታወት ሆኖ ነው። በዚህ አነባበብ በዛብህና ሰብለ ወንጌል የዘር ቆጠራ ሰለባዎች፣ ፊታውራሪ መሸሻም የሥርዓቱ ወኪል ናቸው። አነባበቡ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ደራሲው ታሪኩን ከሁለቱ ፍቅረኞች መገናኘት መጀመር ሲችል፣ ለምን ወደ ኋላ ሄዶ ከማንኩሳ፣ ከበዛብህ ወላጆች ጋብቻ ተነሣ? በዚህ አጭር ጽሑፍ ያ አጀማመር የበዛብህ የጐልማሳነት ጠባይ የተሠራበት ቦታ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ቦጋለ መብራቱን ከማግባቷ በፊት ሞት ቤቷን የደጋገመባት ሴት ናት። በዛብህ የተገኘው ዘግይቶ ነው፤ እሱም በሕፃንነቱ ይታመማል። ወላጆቹ ልጃቸው ከሞት ቢተርፍ ለእግዚአብሔር ሊሰጡት፣ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ሊያደርጉት ይሳላሉ። ልጁ ይድናል። ከዚያ በኋላ የሚወደድ አንድ ልጅም ነው፣ ያልተከፈለ ዕዳም ነው። እኔ የልቦለዱ ዋና ቋጠሮ እዚህ ላይ የታሰረ ይመስለኛል።

ስለ ሕፃንነት ቁርኝት የሚናገረው ዘመናዊ የሥነ ልቡና ጥናት ለዚህ አነባበብ አንዳንድ ነገር ያበድረናል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦልቢ «ቁርኝትና እጦት» የተሰኘውን ሥራውን በሦስት ቅጽ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1969፣ በ1973 እና በ1980 ነው። በእሱ አመለካከት ሕፃን ከአሳዳጊው ጋር ካለው ግንኙነት በመነሣት ስለ ራሱና ስለ ሌላው ሰው አንድ ውስጣዊ ሥዕል ይሥላል፤ «ስጠራ የሚመጣልኝ አለን? እኔስ ልወደድ የሚገባኝ ነኝን?» ለሚሉት ጥያቄዎች ያገኘውን መልስ ይዞ ያድጋል። ሜሪ ኤይንስወርዝ ደግሞ ለዚህ አስተሳሰብ መሠረት የሆነውን ምልከታዋን ያካሄደችው እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በአህጉራችን፣ በዩጋንዳ መንደሮች፣ እናቶችንና ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ ሄዳ በማየት ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ከአፍሪካ ኑሮ ፈጽሞ ባዕድ ነው ሊባል አይችልም። ሐዲስ የቦልቢን ቅጾች አንብቦ አልጻፈም፤ የእሱ ልቦለድ ከመጀመሪያው ቅጽ ይቀድማልና። የማነጻጸሬም ዓላማ ደራሲው ከማን እንደ ወሰደ ለመፈለግ ሳይሆን፣ በራሱ መንገድ ምን እንዳየ ለማመልከት ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ በዛብህ ፍቅር የተነፈገ ልጅ አይደለም። ተፈልጎ የተወለደ፣ ተሳስቶለት ያደገ ነው። ታዲያ ዲማ ላይ ሰብለን ለማስተማር ገብቶ ፍቅር በያዘው ጊዜ ያ ሁሉ ጭንቀት ከወዴት መጣ? የፊታውራሪው ቁጣ በቂ ምክንያት እንደ ሆነ አልክድም፤ የድኻ ልጅ የባላባት ልጅ ቢወድ የሚጠብቀው ሞት ነው። ሆኖም በዛብህ ከፊታውራሪው በፊት የሚፈራው ስለቱን ነው። የሚያሳድደው ሰው ሳይኖር፣ ብቻውን በተቀመጠበት፣ ከራሱ ጋር ይሟገታል። መውደድ ለእሱ የተበደሩትን መካድ ነው፤ በሕይወት ለመቆየቱ የተከፈለውን ዋጋ ማፍረስ ነው።

ከሰብለ ወንጌል ጋር ስናስተያየው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ሰብለ ያደገችው ልጅነቷ ለአባቷ ክብር መለኪያ በሆነበት ቤት ነው። ጠያቂዎቿ በዘር እየተመዘኑ ሲመለሱ ዕድሜዋ ያልፋል። ጨቋኝ አስተዳደግ ፈሪ ልጅ ያወጣል የሚለውን ቀላል ቀመር ብንከተል፣ ከሁለቱ ደካማዋ እሷ መሆን ነበረባት። ልቦለዱ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። የአባቷን ቤት ጥላ፣ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ የምትወደውን ሰው ፍለጋ በእግሯ የምትወጣው ሰብለ ናት።

ለዚህ ልዩነት ሁለት ምክንያት እሰጣለሁ። የመጀመሪያው ጉዱ ካሳ ነው። በአባቷ ቤት ውስጥ ሆኖ የአባቷን ሥርዓት የሚነቅፍ፣ ሰብለንም እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሰው የሚያነጋግር ዘመድ አላት። በአሜሪካ በሚኔሶታ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የተጀመረውና ሕፃናትን እስከ ጐልማሳነት የተከታተለው ጥናትም የሚለው ይህንኑ ነው፤ የሕፃንነት ቁርኝት አሻራ ቢተውም፣ በኋላ የሚገኝ ሌላ ሰው የነገሩን አቅጣጫ ሊለውጠው ይችላል። ነገር ግን ጉዱ ካሳ ለበዛብህም ወዳጅ ነው። ስለዚህ ይህ ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት የሁለቱ ልጆች እስራት ዐይነት ነው። ሰብለን ያሰራት ትእዛዝ ነው፤ በዛብህን ያሰረው ግን ፍቅር ነው። በጨካኝ አባት ላይ መቈጣት ይቻላል፤ ቍጣውም ለመውጫ በር ይሆናል። ከሞት አፍ ያስጣለችን እናት ግን በምን አንደበት «ለምን ተሳልሽብኝ?» ይሏታል? በዛብህ የሚከሰው ሰው ስለሌለው ራሱን ይከሳል። ሐዲስ በደልን በክፉ ሰዎች እጅ ብቻ አላስቀመጠም፤ በሚንቀጠቀጥ የወላጅ እጅ ውስጥም አሳይቶናል። የልቦለዱ ታላቅነት አንዱ ምንጭ ይህ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለውን አነባበብ የሚቃወሙ ሁለት ነገር ሊሉ ይችላሉ። አንደኛው፣ ገጸ ባሕርይ ታማሚ አይደለም፣ በሐኪም መዝገብ ሊመረመር አይገባም የሚል ነው። እስማማለሁ፤ ለበዛብህ የበሽታ ስም ያላወጣሁለትም ስለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ ስለት የግል ጭንቀት ሳይሆን የማኅበረሰብ እምነትና ልማድ ነው የሚል ነው። ይህም እውነት ነው፤ ነገር ግን ልማድ ወደ ልጅ ልብ የሚገባው በአየር ላይ ተንሳፎ አይደለም፤ በእናት ጸሎት፣ በአባት ምክር፣ በቤት ውስጥ ተደጋግሞ በሚነገር ታሪክ ነው። ሥርዓቱን የሚያጠና ሐያሲ ይህን በር ቢዘጋ፣ ሥርዓቱ በሰው ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ሊያስረዳን አይችልም።

«ልጅ በጡት፣ እህል በጥቅምት» ይባላል። ልቦለዱ ተረቱን አያፈርሰውም፤ ግን ዕጣ ፈንታ አያደርገውም። በዛብህ ዘግይቶም ቢሆን ፍርሃቱን አሸንፎ ወደ ሰብለ መንገድ ይጀምራል፤ መንገዱን የሚያሳጥሩበትም ወንበዴዎች እንጂ የሰማይ ቍጣ አይደለም። ስለዚህ መጽሐፉን በክፍል ውስጥ ስናስተምር የማንኩሳን ምዕራፎች እንደ መንደርደሪያ ቈጥረን ወደ ዲማ ባንቸኩል መልካም ነው። ተማሪዎቻችን ፊታውራሪ መሸሻን ለመኰነን መምህር አያሻቸውም። ውድነሽ በጣሙን ሳይኰንኑ፣ በልጇ ላይ የጣለችውን ሸክም መመዘን ግን የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል።