የተማሪ ኤሌክትሮኒክ ማህደረ ተግባር እንዴት ይመዘናል?

ማህደረ ተግባር ወይም ፖርትፎሊዮ ተማሪው ከሠራቸው ሥራዎች መርጦ፣ የመረጠበትን ምክንያትና ከሥራው የተማረውን ጽፎ የሚያደራጀው ስብስብ ሲሆን፣ ኤሌክትሮኒክ የሚባለው ጽሑፉ፣ ፎቶግራፉና የድምፅ ቅጂው በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ሲቀመጥ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለተከታታይ ምዘና መንገድ ከከፈተ በኋላ፣ መምህራን ራሳቸው በዓመት 60 ሰዓት ሙያቸውን እንዲያሻሽሉና ማስረጃውን በማህደረ ተግባር እንዲይዙ በመደረጉ አሠራሩ ለመዛኙ እንግዳ አይደለም። ይሁንና ፋይልን በውፍረቱ የመገመት ዝንባሌ ከወረቀቱ ጋር አልቀረም፤ በስልክ ዘመን ውፍረቱ በፎቶ ብዛትና ባሸበረቀ ሽፋን ይተካል።

ጥሩ ሥራ የሚለየው በምርጫው ነው። በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ የሚማር የ10ኛ ክፍል ተማሪ ለሂሳብ ትምህርት አጣና ተራ በተባለው የእንጨት ገበያ የባሕር ዛፍ እንጨት ዋጋ አጠና እንበል። በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ወፍራሙን ቋሚ ከቀጭኑ ማገር ደባልቆ አማካይ ቢያወጣ፣ የሚያገኘው ማንም ገዥ የማይከፍለውን ዋጋ ነው፤ በሁለተኛው ግን እንጨቱን በውፍረትና በርዝመት ለይቶ ያሰላል። ደካማው ማህደር የታረመውን ብቻ ሲያሳይ፣ ጥሩው ሁለቱንም አስቀምጦ በመካከላቸው ምን እንደተለወጠ ይናገራል። ይህ ተማሪው ወደ ራሱ ሥራ ተመልሶ የሚያካሂደው ምርመራ ግለ ምልከታ ይባላል። ጥራቱን ለመፈተን ጽሑፉን ወደ ሌላ ሥራ ማዛወር ይበቃል፤ «ብዙ ትምህርት አግኝቻለሁ» የሚለው በየትኛውም ሥራ ሥር ስለሚገባ ስለ አንዱም አይመሰክርም፤ «ቋሚና ማገር በመደባለቄ አማካዩ ትርጉም አጣ» የሚለው ግን ከዚያ ሠንጠረዥ ተነጥሎ መቆም አይችልም።

የመጀመሪያው ሥራ በእርግጥ ከታረመው በፊት ለመሠራቱ በፋይሉ ላይ የሚታየው ቀን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ፋይሉ በቴሌግራም ሲላክ ወይም ሲገለበጥ ቀኑ ሊለወጥ ይችላልና። ስለዚህ ብልህ መዛኝ ተማሪውን ከሥራው ፊት አስቀምጦ፣ ለምን ይህን አስገብቶ ያንን እንደተወው ይጠይቀዋል። ሽፋኑና ቀለሙ ነጥብ ባይሰጣቸው ይሻላል፤ ኮምፒዩተር ከቤቱ ያለውና የወላጁን ስልክ የሚዋሰው ተማሪ በዚህ ሊተካከሉ አይችሉም። ሁለት መምህራን በተጻፈ መስፈርት ለየብቻ ከመዘኑ በኋላ ነጥባቸው ከተራራቀ ደግሞ፣ ደምረው ለሁለት ከማካፈላቸው በፊት እያንዳንዳቸው በየትኛው ማስረጃ ላይ እንደተመረኮዙ ማሳየት ይኖርባቸዋል።