ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ

እዚህ ኮሎራዶ፣ ለሽርሽር የሚጎተት ቤቱን ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ቧንቧው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ግድግዳው ነው። ከውጭ ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ፣ ከውስጥ ስስ ኮምፔንሳቶ፣ በመሀል የእንጨት ማገርና ፎም፤ የካምፕ የውሃ ጎማ የሚታሰርበትን መግቢያ የምገጥመው ይህን ሁሉ በስቼ ነው። ቧንቧ ቢያፈስ ወለሉ ይረጥብና ይታወቃል። በመግቢያው ጠርዝ ሾልኮ የሚገባ ዝናብ ግን ማገሩን ውስጥ ውስጡን ያበሰብሰዋል፤ የሚታወቀው ግድግዳው ሲለሰልስ ነው።

ስለዚህ የተቆረጠውን የእንጨት ጠርዝ እርጥበት በማያስገባ ቀለም ሳልቀባ የመግቢያውን ክፈፍ አላስርም። ከክፈፉ ጀርባ የማደርገው የቡታይል ማጣበቂያ ነው፤ ለዓመታት ለስላሳ ሆኖ ስለሚቆይ ላሜራው በሙቀት ሲለጠጥ በብርድ ሲኮማተር አብሮት ይሄዳል። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ በየተራ እያጠበቅሁ ማጣበቂያው በዙሪያው ተጨምቆ እስኪወጣ እታገሣለሁ። ሲሊኮንን ብዙ ሰው ይወደዋል፤ እኔ እዚህ ቦታ አልጠቀምበትም። ሲላቀቅ የሚተወው ቅሪት ሌላ ማጣበቂያ አያስይዝም፤ ቀጥሎ የሚጠግነውን ሰው ያንገላታል።

የውስጡን መስመር ፔክስ በሚባለው ተጣጣፊ የፕላስቲክ ቧንቧ፣ በግማሽ ኢንቹ፣ እዘረጋለሁ። መንገድ ላይ ለሚንቀጠቀጥ ቤት ግትር ቧንቧ አይስማማውም። በየመጋጠሚያው ያሉትን የመዳብ ቀለበቶች ከጨመቅሁ በኋላ እያንዳንዱን በመለኪያ አያለሁ፤ ዓይን እዚህ ላይ አይታመንም። አዲስ አበባ በብረት ቧንቧ ጥርስ ላይ ቃጫ መጠምጠም ለለመደ ሰው የውሃ ጎማው ማያያዣ ግራ ያጋባል። ውሃውን የሚይዘው ጥርሱ ሳይሆን ውስጡ ያለው የላስቲክ ቀለበት ነው፤ ቃጫም ቴፍሎንም አይፈልግም።

በግፊት ነገር አልደራደርም። የካምፕ ቦታ ቧንቧ ከ100 ፒኤስአይ በላይ ሊገፋ ይችላል። የግፊት መቀነሻውን ወደ 50 አስተካክዬ፣ በቤቱ ላይ ሳይሆን በካምፑ ቧንቧ አፍ ላይ እንዲታሰር እናገራለሁ፤ ያኔ ጎማውም ከመፈንዳት ይተርፋል።

መግቢያው ውስጥ ያለው ቼክ ቫልቭ የቤቱ ፓምፕ ከቤቱ ታንከር የሚስበው ውሃ ወደ ውጭ እንዳይፈስ ይከለክላል፤ የፓምፑ ቫልቭ ደግሞ የካምፑን ውሃ ከታንከሩ ያግዳል። ቤቱ ከካምፑ ውሃ ጋር እንደተያያዘ ታንከሩ በራሱ ሞልቶ ከፈሰሰ መጀመሪያ የምጠረጥረው የፓምፑን ቫልቭ ነው። የመግቢያው ቫልቭ በበረዶው ወቅት ውሃ ይዞ ከቀረ ይሰነጠቃል። ለማፍሰስ የመግቢያውን ወንፊት አውጥቶ የቫልቩን መሀል ጫን ማድረግ ነው። ከዚያ በፊት ግን ፓምፑን አጥፍቶ፣ የውስጥ ቧንቧ ከፍቶ ግፊቱን ማስወጣት የግድ ነው፤ ግፊት እያለ ከተጫነ መሀሉ ተፈናጥሮ ሊወጣ ይችላል። ይህን ለባለቤቱ በቃል ነግሬ አልተወውም፤ መግቢያው አጠገብ ቆሞ በገዛ እጁ እንዲያደርገው አደርጋለሁ።