ላም አለኝ በሰማይ፦ ስለ መምህራን የመጽሐፍ ውሰትና ስለ ሂሳችን

የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ስለ ላይብረሪ ደንብ ምን አገባው የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ግጥሙ፣ አጭር ልብ ወለዱ፣ ገና ማንም ያልነካው ስንት ሥራ ተከምሮ ሳለ ስለ ማዋሻ ጠረጴዛ መጻፍ ቀለምና ወረቀት ማባከን ሊመስል ይችላል። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ ሂስ የሚጻፈው መጽሐፉን ከፊት አስቀምጦ ነው። ገጽ እያገላበጡ፣ የአንዱን ገጸ ባሕርይ ንግግር ከሌላው ጋር እያስተያዩ፣ «እንዲህ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አላለም!» እያሉ ነው። መጽሐፉ ከሌለ የሚጻፈው ሂስ ሳይሆን ወሬ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ የት እንዳለ፣ በማን እጅ እንደቆየ፣ መቼስ እንደሚመለስ መጠየቅ ራሱ የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ነው።

ለዚህች መጽሔት ከሚደርሱን ሂሶች ብዙዎቹ እንደ አንድ እናት ልጆች ይመሳሰላሉ። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ላይ የሚጽፍ ሁሉ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር ጥቂት ይላል፤ የባላባቱን ሥርዓት ይነቅፋል፤ ጉዱ ካሣን ያወድስና ያበቃል። በዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ላይ የሚጽፍ ሁሉ መጽሐፉ ከባድ መሆኑን ይነግረንና የአሮጌውንና የአዲሱን አስተሳሰብ ግጭት ያሳያል ብሎ ያልፋል። ሐሳቡ ስሕተት ነው አንልም። ግን እኮ ዐረፍተ ነገሮቹ ሳይቀሩ አንድ ናቸው! ለምን ቢሉ የመጡት ከልብ ወለዱ ሳይሆን በየክፍሉ ከሚታደለው ሃንድአውት ነው። ሃንድአውቱን ያዘጋጁት መምህር መጽሐፉን አንብበዋል፤ ተማሪው ያነበበው መምህሩን ነው። ጉዱ ካሣን አወድሶ የሚጽፈው ሁሉ ጉዱ ካሣ የሚናገረውን በራሱ ዓይን አንብቦ፣ የሚስማማበትንና የማይስማማበትን ለይቶ ነው ወይ? ጥያቄያችን ይህ ነው።

ታዲያ ተማሪው ለምን አላነበበም? ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚለው መልስ ለአንዳንዱ እውነት ነው። ለሁሉ ግን አይደለም። የሚያነበው ተማሪ ላይብረሪ ሲሄድ ካታሎጉ ውስጥ መጽሐፉ አለ። ቁጥሩ አለ፤ የደራሲው ስም አለ፤ የታተመበት ዓመት አለ። መደርደሪያው ላይ ግን የለም። ማዋሻው ጠረጴዛ ሄዶ ሲጠይቅ «መምህር ወስደውታል» ይባላል። መቼ ይመለሳል? «እሱን እንጃ!» ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

የምንማርበትን ተቋም ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለምና። ደንቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ተማሪ ጥቂት መጻሕፍት ለጥቂት ቀናት ይዋሳል። ቀኑ ካለፈበት ይቀጣል። በዓመቱ መጨረሻ ክሊራንስ ካላስፈረመ መዳረሻ የለውም። መምህር ግን ብዙ መጻሕፍት ለሙሉ ሴሚስተር ይዋሳሉ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ እንደገና ያስመዘግባሉ፤ አንዳንዴም ሳያስመዘግቡ ይቆያል። ቅጣት የለባቸውም። ክሊራንስ የሚጠየቁት ሥራ ሲለቁ ወይም ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ነው። እንግዲህ አንድ መምህር በአንድ ቤት አሥራ አምስት ዓመት ቢያስተምሩ መጽሐፉም አብሯቸው አሥራ አምስት ዓመት ሊቀመጥ ይችላል ማለት ነው። ደንቡ ይህን አያዝም፤ አይከለክልምም።

እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል እንዳንሆን የመምህራኑንም ወገን እናይ ዘንድ ይገባል። መምህር ከተማሪ የበለጠ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ኮርስ ማዘጋጀት በሁለት ሳምንት አያልቅም። ጥናት የሚጽፍ ሰው ሃያና ሠላሳ መጽሐፍ ባንድ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይሠራል። በደመወዛቸው መጽሐፍ እንዳይገዙ የመጽሐፍ ዋጋና የቤት ኪራይ ይሻሙባቸዋል። ደግሞም መምህር ያነበቡት ለራሳቸው ብቻ አይደለም፤ ለመቶ ተማሪ ይተርፋል። ይህን ሁሉ አምነን እንቀበላለን። መምህራን ከእኛ እኩል ሁለት ሳምንት ይሰጣቸው የሚል ሰው ቢመጣ የምንቃወመው እኛ ነን።

ነቀፌታችን ሌላ ነው። ደንቡ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ደባልቋቸዋል። አንደኛው ረጅም ጊዜ መዋስ ነው፤ ይህ ተገቢ ነው። ሁለተኛው ሌላ አንባቢ ሲፈልገው አለመጠራት ነው፤ ይህ ተገቢ አይደለም። ሦስተኛው አንድ ቅጂ ብቻ ያለውን መጽሐፍ ከቤቱ ማውጣት ነው፤ ይህ ደግሞ ለመምህርም ለተማሪም ሊፈቀድ አይገባም። ሦስቱ ሲደባለቁ ውሰት መሆኑ ይቀርና ርስት ይሆናል።

ይህ ጥያቄ እኛ ዛሬ የፈጠርነው አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነገር ገና ሲጀመር ጀምሮ የነበረ ነው። በፓሪስ የሶርቦን ኮሌጅ በ13ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከ1,000 በላይ መጻሕፍት ነበሩት፤ ሁሉም በእጅ የተጻፉ ናቸው። ኮሌጁ መጻሕፍቱን ለሁለት ከፈላቸው። በጣም የሚፈለጉትን በንባብ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ በሰንሰለት አሰራቸው። ትርፍ ቅጂ ያላቸውንና ብዙም የማይፈለጉትን ለየአባላቱ አዋሰ። ሰንሰለት ሲባል ዛሬ የጭቆና ምልክት ይመስለናል። የዚያ ሰንሰለት ዓላማ ግን ተቃራኒ ነበር፤ መጽሐፉ ወደ አንድ ሰው ክፍል ገብቶ እንዳይቀርና ማኅበርተኛው ሁሉ በመጣ ጊዜ እንዲያገኘው ነው። ታላቁ ሊቅም ቢሆን ጠረጴዛው ዘንድ መጥቶ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ያነብ ነበር።

የእንግሊዙ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በ1602 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው ይህ ቤት ከመነሻው መጽሐፍ አላውስም ያለ ነው። በ1645 ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ አንድ መጽሐፍ እንዲላክላቸው ቢጠይቁ፣ የቤቱ ኃላፊ ደንቡን አሳይቶ እንቢ አለ፤ ንጉሡም ደንቡን አክብረው ተዉት። በ1654 አገሪቱን ይገዛ የነበረው ኦሊቨር ክሮምዌል ሲጠይቅም ያው መልስ ተሰጠው። ንጉሥም የንጉሥ ጠላትም ባንድ ደንብ ተመለሱ! እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጥብቅ ደንብ ይውጣ አንልም። ነገር ግን ደንብ ማለት የሰውን ማዕርግ አይቶ የማይታጠፍ ነገር መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ሩቅ አገር ምን ወሰደን፣ የራሳችንስ? ካልን በየገዳማቱና በየአድባራቱ ባሉ የብራና መጻሕፍት ላይ የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፎ እናገኛለን። ግዝቱ የወጣው መጽሐፉ የማኅበሩ ስለሆነ ነው። ብራናውን ያጻፈው ባለጸጋ ስሙ ይጠራበታል፤ መጽሐፉ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ የሚነበበውም በጉባኤ ነው። ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለው ሁሉ ሰምቶታል። አንድ መጽሐፍ በአንድ ሰው ድምፅ ለአገር ተዳረሰ። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ ሲሰበሰብም ቀድመው የተሸጡት ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ተነበቡ። በሥጋት ዘመን እንኳ አንባቢ ለአንባቢ ማስተላለፍን ያውቅበት ነበር። ዛሬ ማንም ሳይከለክል፣ ደንቡን ተገን አድርጎ፣ መጽሐፍ በቢሮ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ማየት ያሳዝናል።

አንዳንዶች «በሠለጠነው ዓለምም ለፕሮፌሰር የሚሰጠው የውሰት ጊዜ ረጅም ነው» ይሉን ይሆናል። እውነት ነው። በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መምህር መጽሐፍ ለሴሚስተር፣ በአንዳንዶቹም ለአንድ ዓመት ይዋሳል። ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገሩን። ግማሹን እኛ እንጨምርላቸው። በእነዚያው ቤቶች ሌላ አንባቢ መጽሐፉን ከፈለገ የመጥሪያ ደንብ አለ። ጠያቂው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ቢሆን ለመምህሩ ማስታወቂያ ይደርሳቸዋል፤ የመመለሻው ቀን ወደ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያጥራል። በጥሪው ያልመለሰ መምህርም ይቀጣል ወይም ከዚያ በኋላ መዋስ ይከለከላል። ረጅሙ ጊዜ የሚሠራው ጠያቂ እስኪመጣ ድረስ ነው ማለት ነው። እኛ የወሰድነው ረጅሙን ጊዜ ነው፤ ጥሪውን ግን እዚያው ትተነዋል። ኮት ገዝቶ እጅጌውን ሱቅ ረስቶ እንደመምጣት ያለ ነው።

ሌላም መልስ ይሰጠናል። «አሁን እኮ ሁሉም ስልክ ላይ አለ፤ ቴሌግራም ገብታችሁ ፒዲኤፉን አውርዱ!» ይባላል። እናወርዳለን። ብዙዎቻችን የአማርኛ ልብ ወለድ የምናነበው በዚያ መንገድ ነው። ነገር ግን በስልክ ፎቶ የተነሣ መጽሐፍ አንዳንዱ ገጹ ይጎድላል፤ አንዳንዱ ጠርዙ ተቆርጧል፤ የስንተኛው እትም እንደሆነ የሚገልጸው ገጽ ብዙ ጊዜ የለም። እትም ሳያውቁ የሚጻፍ ሂስ ምን ዓይነት ሂስ ነው? በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ «ጦቢያ» ተብሎ እንደገና ሲታተም ከመጀመሪያው የተለወጠ ቃል ይኖር እንደሆነ ለማወቅ ሁለቱን እትሞች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግድ ነው። ለዚህ ላይብረሪ እንጂ ቴሌግራም አይበቃም። ደራሲውና አሳታሚውም ከዚያ ፒዲኤፍ አምስት ሳንቲም አያገኙም። ላይብረሪው በሕጋዊ መንገድ መሥራት የሚችለው ሥራም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቤተ መጻሕፍት በተወሰኑ ሁኔታዎች የጠፋ ወይም የተበላሸ ቅጂ ለመተካት እንዲያባዛ ይፈቅዳል። ይህን መብት ሳይጠቀሙ «ቅጂ የለንም» ማለት ምክንያት አይሆንም።

መምህራንን ስንነቅፍ ተማሪውን ነፃ ለማውጣት አይደለም። የሚፈልገውን ምዕራፍ በምላጭ ቆርጦ የሚወስድ ተማሪ አለ። ልብ ወለዱን ለፈተና ሰሞን ለራሱ እንዲሆን በኬሚስትሪ መደርደሪያ ውስጥ የሚደብቅም አለ። መምህሩ የያዙት መጽሐፍ ቢያንስ አንድ ቀን ይመለስ ይሆናል፤ በምላጭ የተቆረጠው ገጽ ግን አይመለስም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር እናስተውል። መደበቅ የሚበዛው መጽሐፍ ሲያጥር ነው። ተማሪው መጽሐፉ ነገ እንደማይገኝ ስለሚያውቅ ዛሬ ይደብቀዋል። መምህሩም አንዴ ከመለሱት ዳግመኛ እንደማያገኙት ስለሚያውቁ ይዘው ይቆያሉ። ሁለቱም የሚሠሩት ከአንድ ሥጋት ተነሥተው ነው። ደንብ የሚያስፈልገው ይህን ሥጋት ለማስወገድ ነው። የመለሰ ሰው እንደገና የሚያገኝበት ቤት ከሆነ የሚደብቅና የሚያቆይ ያንሳል።

ስለዚህ ጥያቄያችን ጥቂት ነው። ከእያንዳንዱ የአማርኛ ሥራ ቢያንስ አንድ ቅጂ፣ ለማንም ሳይወጣ፣ በንባብ ክፍሉ ይቀመጥ። መምህራን ትርፍ ቅጂውን ለሴሚስተር ይዋሱ፤ ሌላ አንባቢ ሲጠይቅ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠሩ። ካታሎጉ መጽሐፉ መውጣቱንና የሚመለስበትን ቀን ያሳይ፤ የወሰደውን ሰው ስም መግለጽ አያስፈልግም፤ ቀኑ ይበቃናል። መምህሩ በኮርሳቸው የሚያስተምሩትን ልብ ወለድ በዚያ ሴሚስተር ቢሯቸው ሳይሆን ሪዘርቭ ክፍል ያኑሩት። በየዓመቱ መጨረሻም መምህር የተዋሱትን መጽሐፍ አምጥተው ያሳዩ፤ ከፈለጉት በዚያው ቀን መልሰው ይውሰዱት። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አዲስ ሕንፃም አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ገጽ ደንብና ደንቡን ለታላቁም ለታናሹም እኩል የሚያነብ የማዋሻ ሠራተኛ ነው። ያ ሠራተኛ መምህሩን «ይመልሱልን» ለማለት እንዳይፈራ ደግሞ ከላይ ያሉት ከጎኑ መቆም አለባቸው።

ለመምህሮቻችን የምንለው ይህ ነው። በክፍል ውስጥ «የራሳችሁን ሐሳብ ጻፉ» ትሉናላችሁ። ልክ ናችሁ። የራስ ሐሳብ ግን ከባዶ አይመጣም፤ ከመጽሐፉ ጋር በመከራከር ይመጣል። የእናንተን ማስታወሻ መልሰን ስንጽፍላችሁ «ተማሪው አያስብም» ብላችሁ የምታዝኑትን ያህል፣ የምንከራከርበትን መጽሐፍ ብትመልሱልን ምናልባት ከእናንተም ጋር የምንከራከርበት ነገር እናገኝ ነበር። ይህን እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ተማሪነት ቁጠሩልን። መምህራንም ሆኑ የላይብረሪው ሠራተኞች መልስ ቢሰጡ ገጻችን ክፍት ነው፤ በሚቀጥለው እትም ሳንቆርጥ እናወጣለን።