መሶቡን የሰፋችው ማን ናት?

ከቡልቡላ ወደ አዲስ አበባ የመሄድ ዕድል ሲገጥማችሁ፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሳታዩ አትመለሱ። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 ተመሠረተ፤ የሚገኘውም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በነበረው በገነተ ልዑል ነው።

የባህል ዐውደ ርእዩ ትልቅ ብልጫ አለው። ቅርሶቹን የሚያሳየው በብሔረሰብ ለያይቶ ሳይሆን የሰውን የሕይወት ጉዞ ተከትሎ ነው፤ ከልጅነት ወደ ጉልምስና፣ ከዚያም ወደ ሞት ይወስዳችኋል። ስለዚህ ታሪክ የነገሥታትና የጦር ሜዳ ብቻ አይሆንም። የእናቶቻችን ዓለም፣ ማለትም ልጅ ማሳደግ፣ ትዳርና የእጅ ሥራ፣ ተገቢ ቦታ አግኝቷል።

ሆኖም መግለጫዎቹን ስታነቡ አንድ ነገር አስተውሉ። እንደ ብዙዎቹ የባህል ሙዚየሞች ሁሉ በአመዛኙ የሚነገራችሁ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና ምን እንደሚሠራበት ነው። መሶቡን የሰፋችው፣ ገንቦውን የሠራችው ሴት ማን እንደሆነች አይነገራችሁም። ስሟ ሲቀር ሴቲቱ የሴቶች ሁሉ ምሳሌ ትሆናለች እንጂ አስባ የሠራች ሰው አትመስልም።

ሲንቄን አስቡ። ለስምጥ ሸለቆ ልጆች እንግዳ አይደለችም። ከመስታወት ጀርባ ብትቀመጥ ቀጭን በትር ብቻ ናት። በአርሲ ኦሮሞ ግን እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣት የክብር ምልክት ናት፤ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በጠበኞች መካከል ሲቆሙ ጠቡ ይበርዳል። ከባህሉ ሥርዓት ከእምነታችን ጋር የማይስማማውን መለየት ይገባናል። ሰላም ለማውረድ በመካከል የቆመችውን እናት ድፍረት ግን ማክበር አለብን።

ሙዚየሙን ብቻ እንዳንወቅስ የራሳችንንም ቤት እንይ። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሚታወቀው በኦኔሲሞስ ነሲብ ስም ነው። ከባርነት እ.ኤ.አ. በ1886 ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ ግን በትርጉሙ ሥራ አብራው ደክማለች። የኦሮሞን ዘፈኖች፣ ተረቶችና ታሪኮች ከአእምሮዋ አውጥታ በጽሑፍ ያኖረችው፣ እ.ኤ.አ. በ1894 የወጣውን የንባብ መጽሐፍ ከኦኔሲሞስ ጋር ያዘጋጀችውም እርሷ ናት። ከእናንተ መካከል ስንቶቻችሁ ስሟን ሰምታችኋል?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ ለጴጥሮስ የሠራቻቸውን ልብሶች አሳዩት። ያም በራሱ ትንሽ ዐውደ ርእይ ነበር። ሉቃስ ልብሶቹን ብቻ ጽፎ አላለፈም፤ የሠራችውን በሁለት ቋንቋ በስሟ ጠርቶ፣ ጣቢታና ዶርቃ ብሎ ጻፈልን።

ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራ መሶብ ባለቤት አሁን ላትገኝ ትችላለች፤ ይህን የሙዚየሙ ጥፋት ብቻ ማድረግ ፍርድ ማጓደል ነው። የእኛ እናቶች ግን ዛሬም በመካከላችን አሉ። ቤተ ክርስቲያናችሁ በዓል ስታከብር የድሮ ፎቶግራፍ ትሰቅሉ ይሆናል። ከመስቀላችሁ በፊት ፎቶውን ይዛችሁ ወደ አንዲት አረጋዊት እናት ሂዱ። ከኋላ የቆሙት፣ ድስት የያዙት፣ ሕፃን ያዘሉት እነማን እንደሆኑ ጠይቋት፤ የእያንዳንዳቸውን ስምም ከሥሩ ጻፉ።