በገና ባለበት ክፍል የሚቀመጥ ኮምፒውተር

መምህሩ በገናቸውን እንደያዙ «ልጄ፣ እስቲ ዝም ብለህ ስማው» አሉኝ።

ሰማሁ። ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ዳገቱ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነን። ግድግዳው ላይ ዙሪያውን ወፍራም ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፤ መስኮቱ በፍራሽ ተደፍኗል። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው፤ መምህሩ ውጭ አገር ላሉ ተማሪዎቻቸው የሚልኩትን ትምህርት የሚቀዱበት ጊዜ። የመንገዱ ድምፅ ከሞላ ጎደል አይገባም። ከጠረጴዛው ሥር ግን ዴስክቶፑ ያጉረመርማል።

«እኔ ስጀምር እሱም ይጀምራል» አሉ። «ተማሪዎቼ የትኛው የበገናው፣ የትኛው የእሱ እንደሆነ መለየት አቃታቸው።»

በገና አሥር አውታር አለው። አውታሩ ከበግ አንጀት ይሠራል፤ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። የበገና መለያ የሆነው ያ የሚነዝር ድምፅ የሚወጣው ከእሷ ነው። ዝቅ ያለ፣ የሚሳብ፣ ቶሎ የማይጠፋ ድምፅ ነው። ከጠረጴዛው ሥር የነበረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ደግሞ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል፤ በሰከንድ ሲሰላ 120 ጊዜ መሆኑ ነው። ይህ 120 ኸርዝ ከወፍራሞቹ አውታሮች ድምፅ ብዙ የማይርቅ ጉርምርምታ ነው። ከቅጂው በኋላ በሶፍትዌር ልቁረጥህ ቢሉት የበገናውን ድምፅ አብሮ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ችግሩ መፈታት ያለበት ገና ከምንጩ፣ እዚያው ጠረጴዛ ሥር ነበር።

ኮምፒውተር መገጣጠም መተዳደሪያዬ ነው። ጸጥ ያለ ማሽን ሥራልኝ ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ብዙ አይደለም። አብዛኛው ሰው ፈጣን ይላል፣ ቀጥሎ ስንት ነው ይላል። ጸጥታን የሚጠይቁኝ ድምፅ የሚቀዱ፣ ሌሊት ልጅ አስተኝተው የሚሠሩ፣ ቤታቸው ውስጥ የታመመ ሰው ያለባቸው ናቸው። እነሱን ሳገለግል ከሌላው ሥራዬ ሁሉ የበለጠ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ይህ ሥራ ዕቃ በመግዛት ብቻ አያልቅም። ቁጭ ብሎ ማድመጥን ይጠይቃል።

የመጀመሪያውን ግን አበላሽቼዋለሁ። ለአንድ ሙዚቃ አቀናባሪ ነበር። ድምፅ ማለት የሚታፈን ነገር መስሎኝ የኬዙን ሆድ በሙሉ በስፖንጅ ለበጥኩት፤ የፊቱን ቀዳዳም ደፈንኩት። ስከፍተው በእርግጥ ጸጥ አለ። ደስ ብሎኝ አስረከብኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ውስጡ የታመቀው ሙቀት ፋኖቹን አስነሣቸውና ከቀድሞው ብሶ ይጮኽ ጀመር። ሰውየው ያን ቀን ዘፋኝ ቀጥሮ ነበር። ማሽኑን ወደ ሱቄ መልሼ ስፖንጁን ስልጥ ያየሁትን ነገር እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ፦ ድምፅ ከኬዝ የሚወጣው አየር በሚወጣበት በዚያው ቀዳዳ ነው። አንዱን ዘግቶ ሌላውን ክፍት መተው አይቻልም። ፋን የሚጮኸው ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ነው፤ ለሙቀቱ ሰፊ መንገድ ከተሠራለት ፋኑ መሮጥ አያስፈልገውም።

የፋን ጠባይ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ፍጥነቱን በግማሽ ብትቀንሱት የሚገፋው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን ወደ 15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ጆሯችን ደግሞ የ10 ዴሲቤል ልዩነትን እንደ እጥፍ አድርጎ ነው የሚሰማው። በአንድ ፈጣን ፋን ፈንታ ሁለት ፋኖችን በግማሽ ፍጥነት ብታስሯቸው፣ የሁለቱ ድምፅ ሲደመር የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። የአየሩ መጠን ያው ሆኖ 12 ዴሲቤል ገደማ አተረፋችሁ ማለት ነው። ትልቅ ፋን የምወደውም ለዚህ ነው። የ140 ሚሊ ሜትር ፋን ስፋት ከድሮው የ80 ሚሊ ሜትር ፋን ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ ስለዚህ ቀስ እያለ ብዙ አየር ያነሣል።

ለመምህሩ የመረጥኩት ኬዝ ፊቱ በሙሉ ወንፊት የሆነ ነው። ከፊት ሁለት ባለ 140፣ ከኋላ አንድ ባለ 120 ፋን ገጠምኩ። የሚያስገቡት ከሚያስወጣው እንዲበልጡ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። ከሚወጣው የሚገባው አየር ከበለጠ አየሩ በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይገፋል፤ አቧራ የሚገባበት መንገድ የፊቱ ማጣሪያ ብቻ ይሆናል። በበጋ የከተማችንን አቧራ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አይጠይቀኝም። ለጥገና የሚመጡልኝ ማሽኖች ውስጥ የሂትሲንኩ ክንፎች መካከል እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ አቧራ አወጣለሁ። ባለቤቱ ፋኑ ተበላሽቷል፣ ይቀየርልኝ ብሎ ነው ያመጣው። ፋኑ ግን ጤነኛ ነው፤ ታፍኖ ነው የሚጮኸው።

አሁን ወደ ከፍታው ልምጣ፤ እዚህ አገር ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ሊያውቀው የሚገባው ትልቁ ነገር እሱ ስለሆነ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፉ አየር አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ባቄላና ሽምብራ ቀቅሎ የሚያውቅ ሁሉ ውጤቱን ያውቀዋል፤ ውኃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነውና ጥራጥሬው ቶሎ አይበስልም። ፋን ደግሞ የሚገፋው የአየርን መጠን እንጂ ክብደቱን አይደለም። በሰከንድ ሃያ ሊትር ካሳለፈ እዚህም ሃያ ሊትር ያሳልፋል፤ ሃያው ሊትር ውስጥ ያለው አየር ግን ያነሰ ነው፤ ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀትም ያነሰ ነው። 100 ዋት የሚያሞቅ ማሽን ውስጥ በሰከንድ 20 ሊትር አየር ቢያልፍ፣ ባሕር ጠረፍ ላይ አየሩ በ4 ዲግሪ ሞቆ ይወጣል፤ አዲስ አበባ ላይ በ5 ዲግሪ ተኩል ገደማ። ስለዚህ ዝቅ ባለ አገር ተለክቶ የተጻፈን የሙቀት ቁጥር እንዳለ አምኖ እዚህ መገጣጠም ስሕተት ነው። እኔ ማቀዝቀዣ ስመርጥ ሁልጊዜ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጌ ነው የምመርጠው።

ደጋው ግን የወሰደውን በሌላ እጁ ይመልሳል። ክፍላችን ቀዝቃዛ ነው። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ በግማሽ ያህል ዝቅ ብላ አየሯ ወፍራም ቢሆንም፣ ወደ ኬዙ የሚገባው አየር ገና ሲነሣ ሞቃት ነው። ለድሬዳዋ ደንበኛ ስሠራ የምጨነቀው ስለ ክፍሉ ሙቀት ነው፤ ለሽሮ ሜዳው ስለ አየሩ መሳሳት።

መሳሳቱ የማይነካው አንድ ነገር አለ፤ በጣም የምወደው ዕቃ እሱ ነው። የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ላይ የምታዩዋቸው የመዳብ ቧንቧዎች ድፍን አይደሉም። አየራቸው ተመጥጦ ወጥቶ፣ ጥቂት ውኃ ገብቶባቸው፣ አፋቸው ተበይዷል። ፕሮሰሰሩ የሚያሞቀው ጫፍ ላይ ያለው ውኃ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎቱ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ሮጦ ሙቀቱን ለክንፎቹ ሰጥቶ ተመልሶ ውኃ ይሆናል፤ ውኃውን የቧንቧውን ውስጥ የለበሰው ደቃቅ ንጣፍ ልክ እንደ ኩራዝ ክር እየመጠጠ ይመልሰዋል። ሞተር የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ የሚያልቅ ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ጆርጅ ግሮቨር ሠርቶ ያሳየው ነው። ውስጡ ታሽጎ ስለተዘጋ እንጦጦ ላይም ሆነ ቀይ ባሕር ዳር ያው ነው። ከፍታው የሚነካው ክንፎቹን የሚያልፈውን አየር ብቻ ነው፤ ስለዚህ የመረጥኩት ክንፈ ሰፊውን ነው። በእሱ ላይ የሚያርፈው ፋን ኖክቱዋ የተባለው የኦስትሪያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ነበር፤ ከዱባይ በሻንጣ የመጣ። በፋኑ ክንፍ ጫፍና በክፈፉ መካከል ያለው ክፍተት ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ በጠበበ ቁጥር የተገፋው አየር ወደ ኋላ አያመልጥም፤ በዝግታም ቢሽከረከር ጥቅጥቅ ባሉት ክንፎች መካከል አየሩን ሰንጥቆ ያስገባዋል።

ከፕሮሰሰሩ እስከ መዳቡ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ግን ብዙ ሰው የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ሁለት ለስላሳ የሚመስሉ ብረቶች ሲገናኙ በመካከላቸው በዓይን የማይታይ አየር ይቀራል። መዳብ ሙቀትን ከአየር 15,000 እጥፍ ገደማ አስበልጦ ያስተላልፋል፤ ያቺ የቀረችው አየር መንገዱን ትዘጋለች። ቴርማል ፔስት የሚቀባው እሷን ለማስወጣት ነው እንጂ ራሱ ከመዳብ የተሻለ ስለሆነ አይደለም። የሽምብራ ፍሬ ታህል ትበቃለች። ከዚያ ብሎኖቹን በካቻቢቴ የመኪና ጎማ እንደሚጠብቀው በተቃራኒ በተቃራኒው፣ ጥቂት ጥቂት እያልኩ አጠብቃለሁ። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ፔስቱን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል።

ፕሮሰሰሩ ባለ ስድስት ኮር ራይዘን 5 7600 ነው። ካርቶኑ ላይ 65 ዋት ይላል፤ ሥራ ሲበዛበት ግን እስከ 88 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል፤ 95 ዲግሪ እስኪደርስም ራሱን አይከለክልም። በገና ለመቅዳት ይህ ሁሉ ኃይል አያስፈልግም። ባዮስ ውስጥ ገብቼ የኃይሉን ጣሪያ ዝቅ አደረግሁት። የፍጥነቱ ልዩነት ለመምህሩ ሥራ የሚታይ አይደለም፤ የሙቀቱ ልዩነት ግን ወዲያው ታየ። የራሱ ምስል ማሳያ ስላለው ግራፊክስ ካርድ አልጨመርኩም። ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ የሚሽከረከር ነገር በሌለው ኤስኤስዲ ተካሁት፤ አሮጌው ዲስክ ማኅደር ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሲፈለግ ብቻ ይሰካል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የጆሮ ሥራ ነው። ጆሮ የጸና ድምፅን ይለምደዋል፤ የሚነሣና የሚወርድ ድምፅን ግን አይለምደውም። ፋን በየሰከንዱ የፕሮሰሰሩን ሙቀት እየተከተለ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ድምፁ ትንሽ ቢሆንም እንኳ ሰውን ያሰለቻል። ስለዚህ ፋኖቹ የሚታዘዙበትን መስመር ረጋ እንዲል አደረግሁት፤ ሙቀቱ ለጥቂት ሰከንድ ዘሎ ቢመለስ እንዳይነቃነቁ። ከዚያ እያንዳንዱን ፋን በተራ በደቂቃ ከ500 ዙር ጀምሬ ወደ ላይ እየወሰድኩ አደመጥኩ። በ700ና በ800 መካከል የኬዙ የጎን ቆርቆሮ አብሮ የሚንቀጠቀጥበት ነጥብ አገኘሁ። ባለ ዘጠኝ ክንፍ ፋን በ800 ዙር የሚያወጣው ምት በሰከንድ 120 ነው፤ ያው የሸሸነው ቁጥር! ፋኑን በላስቲክ መያዣ አሰርኩት፤ ፍጥነቱም እዚያ ነጥብ ላይ እንዳይቆም አደረግሁ።

ማሽኑን ወስጄ ክፍሏ ውስጥ ስከፍተው ጸጥ አለ። መምህሩ መቃኘት ጀመሩ። አንዱን አውታር ሳይጨርሱ «ቀጭ» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ቀጭ፣ ቀጭ»። ስታብላይዘሩ ነው። መብራቱ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ውስጡ ያለው ማብሪያ እየዘለለ ኃይሉን ያስተካክላል፤ በእያንዳንዱ ዝላይ ያ ድምፅ አለ። ድሮ ኮምፒውተሩ እየጮኸ ስለሸፈነው ማንም ሰምቶት አያውቅም። ያለ እሱ ደግሞ ማሽኑን መተው አይቻልም። ረጅም ገመድ ገዝቼ፣ በሩን ቦርቡሬ፣ ስታብላይዘሩንም ዩፒኤሱንም ኮሪደሩ ላይ ካለው መደርደሪያ አስቀመጥኳቸው።

እንደገና ተቀመጥን። ማይኩ ተከፈተ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ቀጥ ብሎ ተኛ። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ወደ አውታሩ አነሡ፤ ከዚያ መልሰው አወረዱት።

«ይሰማሃል?» አሉኝ።

ጆሮዬን አቀናሁ። ከግድግዳው ማዶ፣ ከብርድ ልብሱ ጀርባ፣ ከጎረቤት ቤት የሽመና ዕቃ ድምፅ ይመጣል። ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ሸማኔው ለፋሲካ የሚደርስ ሸማ ይዟል።

«ስንት ዓመት ከጎኔ ሲሠራ ከዚህ ክፍል ሰምቼው አላውቅም» አሉ መምህሩ። በገናውን ከግድግዳው አስደግፈው ባለቤታቸውን ቡና እንዲያፈሉልን ጠሩ፤ ሸማኔው ለምሳ እስኪነሣ ድረስ በሩን ከፍተን ተቀመጥን።